የጎማ ውሃ ልክና የያቴንጋ የድንጋይ እርከን

ቤት ሲሠራ ያየ ሰው የጎማ ውሃ ልክን ያውቀዋል። ግንበኛው የላስቲኩን አንድ ጫፍ በአንደኛው ማዕዘን፣ ረዳቱ ሌላውን ጫፍ በሌላኛው ማዕዘን ይይዛሉ፤ ውሃው እስኪረጋ ጠብቀው በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ። በሰሜን ቡርኪና ፋሶ፣ ያቴንጋ በተባለው አካባቢ ይኸው መሣሪያ እርሻ ላይ ዋለ። ከባድ ማሽን ገብቶበት ያልተሳካ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ በገበሬው እጅ ፍሬ ያፈራው ከዚያ በኋላ ነው። ሥራው እንዴት እንደተጀመረ፣ በምን መጠን እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚበላሽ ከዚህ በታች ተዘርዝሯል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዝርግ የሚመስለው ሜዳ

ያቴንጋ የሞሲ ሕዝብ አገር ነው፤ ዋና ከተማው ዋሂጉያ ይባላል። በዓመት ከ400 እስከ 700 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያገኛል። እሱም በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት በጥቂት ኃይለኛ ዶፎች የሚወርድ ነው። የሚዘራው ማሽላና ቡልቱግ ነው። ከ1968 እስከ 1973 የሳህልን አገሮች የመታው ድርቅ ይህንንም አካባቢ ክፉኛ ጎዳው። ሕዝቡ እየበዛ መሬት ማሳደር ስለቀረ አፈሩ ደከመ፣ ቁጥቋጦው አለቀ፤ ብዙ ወጣትም ሥራ ፍለጋ ወደ ኮትዲቯር ተሰደደ።

ሰፊው መሬት ባዶ ሆኖ ቀረ። የአገሬው ሰው በሞሬ ቋንቋ ይህን ዓይነት መሬት «ዚፔሌ» ይለዋል፤ የነጣ፣ የተራቆተ መሬት ማለት ነው። ባዶ አፈር ላይ የዝናብ ጠብታ ሲወድቅ ደቃቁን አፈር ይበትነዋል። የተበተነው ደቃቅ የአፈሩን ቀዳዳዎች ይደፍንና ሲደርቅ እንደ ልስን የጠነከረ ቅርፊት ይሆናል። የቅርፊቱ ውፍረት ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ዶፍ ዘንቦ ውሃው በላዩ ሲነጉድ ታይቶ፣ ወዲያው ቅርፊቱን በዶማ ጫፍ ቢያነሡት ከሥሩ የሚገኘው ደረቅ አቧራ ነው። ያቴንጋን ያስራበው የዝናቡ ማነስ ብቻ አልነበረም፤ የዘነበውም አፈር ውስጥ ሳይገባ ያልፍ ነበር።

ሜዳው ለዓይን ዝርግ ይመስላል እንጂ ዝርግ አይደለም። ተዳፋቱ ባብዛኛው በመቶ ከ0.5 እስከ 3 ነው። መቶ ሜትር ሲኬድ መሬቱ ከግማሽ እስከ ሦስት ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። ዓይን ይህን መለየት አይችልም፤ ውሃ ግን ይለየዋል። የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ስለሆነ እንመለስበታለን።

በማሽን የተሠራው እርከን

የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ ከ1962 እስከ 1965 ተካሄደ። ጄሬስ የተባለ ፕሮጀክት 120,000 ሄክታር በሚያህል መሬት ላይ በቡልዶዘርና በመሰል ከባድ ማሽን የአፈር እርከን ሠራ። ልኬቱ በባለሙያ የተለካ ነበር። ገበሬውን ግን የጠየቀው አልነበረም፤ አንድ ቀን ማሳው መሐል እርከን ተሠርቶ አገኘው።

የንድፉ ዓላማ አፈሩ እንዳይታጠብ ጎርፉን ሰብስቦ ከማሳው ማስወጣት ነበር። ገበሬው ደግሞ የሚፈልገው ውሃው ማሳው ውስጥ እንዲቀር ነው። ከዚህም ሌላ ድፍን የአፈር እርከን አንድ ቦታ ላይ ከተሸረሸረ የታቆረው ውሃ ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ይወጣና ቦረቦር ይቆፍራል፤ ስለዚህ በየዓመቱ መጠገን አለበት። የራሴ ብሎ የሚጠግነው ሰው ስላልነበረ በጥቂት ክረምት ውስጥ አብዛኛው ፈረሰ። ከከሸፈ በኋላ ጥፋቱ በገበሬው ስንፍና ላይ ሲላከክ ኖሯል። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም። ገበሬው እምቢ ያለው ውሃውን ከማሳው የሚያስወጣበትን ሥራ ነው።

ለዛፍ የተጀመረው ለእህል ሆነ

በ1979 ኦክስፋም የተባለው የእንግሊዝ ግብረ ሠናይ ድርጅት በያቴንጋ የእርሻና ደን ፕሮጀክት ጀመረ። መነሻው ዛፍ መትከል ነበር። ሐሳቡ ከእስራኤሉ የኔጌቭ በረሃ የተወሰደ ነው፤ በእያንዳንዱ ችግኝ ዙሪያ ትንሽ የአፈር ክትር ይሠራና ጎርፉ ወደ ሥሩ ይሰበሰባል። ገበሬዎቹ ክትሩ ውሃ መያዙን ሲያዩ መጀመሪያ የታሰባቸው እህል ነው፤ በክትሮቹም ውስጥ ዘሩበት። ችግኙን የሚጠብቅ ጠፍቶ በበጋ የሚለቀቁት ፍየሎች ሲበሉት፣ እህሉ ግን ተንከባካቢ አላጣም።

ፕሮጀክቱ የሚያስመሰግነው ሥራ የሠራው እዚህ ላይ ነው። ዛፉን ትቶ ገበሬው የፈለገውን ተከተለ። በያቴንጋ ድንጋይ በመስመር ደርድሮ ጎርፍ ማብረድ ከጥንት የነበረ ልማድ ነው፤ ችግሩ መስመሩ በዓይን ግምት መጣሉ ነበር። ስለዚህ ልማዱ እንዳለ ተወስዶ አንድ ነገር ብቻ ተጨመረበት፤ እኩል ከፍታን የሚያሳይ መሣሪያ። በኋላ ፕሮጀክቱን የመሩት የአገሩ ልጅ ማቲው ዌድራኦጎም ሥልጠናው ከመንደር መንደር እንዲዛመት ብዙ ደክመዋል።

መሣሪያው

የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ የውስጥ ስፋቱ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ውሃው ከውጭ የሚታይበት 14 ሜትር ላስቲክ፤ ቁመታቸው 1.5 ሜትር ገደማ የሆነ ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች፤ ላስቲኩን ከእንጨቶቹ ጋር ለማሰር ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጡ አራት ማሰሪያዎች፤ ከአንድ ሊትር ተኩል የማይበልጥ ውሃ። ውሃው ትንሽ ደፍረስ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ጥርት ያለው በጠራራ ፀሐይ ከላስቲኩ አይለይም።

አሞላሉ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። የውሃው ዕቃ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይቀመጥና የላስቲኩ አንድ ጫፍ ውስጡ ይነከራል። በሌላኛው ጫፍ በአፍ ተስቦ ውሃው እንዲወርድ ይደረጋል። ላስቲኩ ሲሞላ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በዓይን ይታያል፤ የአየር አረፋ ካለ ያ ቦታ ከፍ ተደርጎ በጣት መታ መታ ሲደረግ አረፋው ወደ ጫፉ ይሄዳል። አንዲት አረፋ በቀጭን ላስቲክ ውስጥ እንደ ውታፍ ናት፤ ውሃው በነፃ እንዳይላወስ ስለምታደርግ ልኩ ይዋሻል። ገና የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ ፀሐይ ላይ ሲሞቅ በውስጡ የነበረው አየር አረፋ ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ ለጥቂት ሰዓት ረግቶ የቆየ ውሃ መጠቀም ያዋጣል።

ቀጥሎ ሁለቱ እንጨቶች ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ውሃው በሁለቱም ላይ አንድ ሜትር ገደማ ላይ እንዲረጋ ይስተካከልና በረጋበት ቦታ ሁለቱም እንጨት ላይ በቢላዋ ምልክት ይደረጋል። ይህች ምልክት ናት መሣሪያውን የሚያሠራው። ቁጥር ማንበብ አያስፈልግም፤ ያልተማረ ገበሬ በአንድ ሁለት ቀን ሥልጠና ራሱን ችሎ ይለካበታል።

አለካኩ እንዲህ ነው። አንደኛው ሰው መስመሩ በሚጀምርበት ነጥብ ላይ እንጨቱን ያቆማል። ሁለተኛው ወደ ጎን አሥር ሜትር ያህል ይራመድና እንጨቱን መሬት ያስነካል። ውሃው ሲረጋ ሁለቱም እንጨት ላይ ከምልክቱ ጋር ከገጠመ ሁለቱ ነጥቦች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው፤ ችካል ይተከላል። ውሃው በሁለተኛው እንጨት ላይ ከምልክቱ በላይ ከወጣ ሰውየው የቆመው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ሽቅብ ይጠጋል። ከምልክቱ በታች ከሆነ ቁልቁል ይወርዳል። ነጥቡ ሲገኝ የፊተኛው ሰው ይቆማል፣ የኋለኛው አልፎት ወደፊት ይሄዳል። መቶ ሜትር መስመር ለማውጣት አሥር ጊዜ መለካት ይበቃል።

መታወቅ ያለበት አንድ ስሌት አለ። የከፍታው ልዩነት በሁለቱ እንጨቶች እኩል ይካፈላል። ሁለተኛው ሰው በ10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢቆም ውሃው በእሱ እንጨት ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፣ በአንደኛው ላይ 5 ይወርዳል። ስለዚህ የሚታየው ከእውነተኛው ልዩነት ግማሽ ነው። ተዳፋት ለመለካትም ይኸው ይሠራል፤ የሁለቱ ንባብ ልዩነት 10 ሴንቲ ሜትር፣ ርቀቱም 10 ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ በመቶ 1 ነው።

ትልቁ ስህተት የሚመጣው ከፈሰሰ ውሃ ነው። ሰዎቹ ሲራመዱ ውሃው እንዳይደፋ ሁለቱም ጫፎቹን በአውራ ጣት ይደፍናሉ። አንዱ ቀድሞ ጣቱን ካነሳ ወይም እንጨቱን ካዘነበለ ውሃ ይደፋል። ለምሳሌ ውሃው በሁለቱም በኩል ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢጎድል፣ እኩል ከፍታ ላይ ቆመው ሳለ በሁለቱም እንጨት ላይ ውሃው ከምልክቱ በታች ይታያል። ይህን ሳያስተውሉ የተራማጁን እንጨት ብቻ አይተው ውሃው ምልክቱን እስኪነካ ድረስ ቢወርዱ፣ አዲሱ ነጥብ ከአሮጌው በ4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። አንድ ጊዜ ከሆነ አይጎዳም። አሥር ጊዜ ሲደጋገም ግን መስመሩ 40 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ይገኛል፤ የእርከኑ ቁመት ራሱ 25 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለቱም ሰዎች የየራሳቸውን እንጨት ያነባሉ። ሁለቱም ከምልክቱ በታች ካዩ ሥራው ይቆማል፤ እንጨቶቹ ጎን ለጎን ቆመው ውሃ ይጨመራል።

የቀሩት ስህተቶች ትንንሽ ናቸው። አንዱ ጣቱን ከጫፉ ላይ ሳያነሳ ሲነበብ ውሃው አይንቀሳቀስም። ላስቲኩ ከተጠማዘዘ ወይም ሰው ከረገጠው ውሃው ዘግይቶ ይረጋል። እንጨቱ ድንጋይ ላይ ወይም የከብት ኮቴ በፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ ከቆመ ነጥቡ የመሬቱን እውነተኛ ከፍታ አያሳይም።

ችካሎቹ ተተክለው ሲያልቁ መስመሩ እዚህም እዚያም ስብር ስብር ብሎ ይታያል። ራቅ ብሎ ቆሞ ከጎረቤቶቹ ያፈነገጠውን ችካል ወደ መስመሩ ማስጠጋት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ለማረስ አይመችም። ትልቁ ጥምዝ ግን አይነካም። መስመሩን ለማሳመር ብለው ቀጥ ያደረጉት እርከን ከዓይን ግምት አይሻልም።

ድንጋዩ

መስመሩ ላይ ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፈራል። የወጣው አፈር በላይኛው ወገን ይከመራል። ትልልቆቹ ድንጋዮች በቦዩ የታችኛው ጠርዝ በኩል ይቀመጣሉ፤ መልሕቁ እነሱ ናቸው። መካከለኞቹ ከፊታቸውና ከላያቸው ይደረደራሉ። ጠጠሩ መጨረሻ ላይ በላይኛው ወገን ክፍተቶቹን ይሞላል። ከመሬት በላይ ያለው ቁመት ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ቦዩን ትቶ ድንጋዩን ገጽ ላይ ብቻ መደርደር ሥራ ያቀለለ ይመስላል፤ ግን የመጀመሪያው ዶፍ ከሥሩ ገብቶ ይቦረቡረዋል።

ይህ እርከን ውሃን አያግድም፣ ያዘገየዋል። ጎርፉ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ይበርዳል፣ በመስመሩ ሁሉ ይሰራጫል፣ በክፍተቶቹ እያጣራ ያልፋል። የተሸከመውን ደለል፣ ቅጠል፣ ፍግና የሣር ዘር ከላይኛው ወገን ያራግፋል። ውሃው ስለሚያልፍ ድፍኑን የአፈር እርከን የሚያፈርሰው ግፊት እዚህ የለም፤ ዓመታዊ ጥገናውም ትንሽ ነው። ከጥቂት ክረምት በኋላ ደለሉ እስከ ድንጋዩ አናት ይደርሳል፤ ያኔ አንድ ረድፍ ይጨመራል።

ርቀቱን ተዳፋቱ ይወስነዋል። በመቶ ከ1 በታች በሆነ ተዳፋት በሁለት እርከኖች መካከል 20 ሜትር፣ በመቶ ከ1 እስከ 2 ሲሆን 15 ሜትር ይመከራል። የድንጋዩን ብዛት በዚህ ማስላት ይቻላል። በ20 ሜትር ርቀት ለአንድ ሄክታር 500 ሜትር እርከን ያስፈልጋል። እርከኑ በወርዱ ቢቆረጥ የሚታየው ገጽ ስፋት 0.05 ካሬ ሜትር ቢሆን 25 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይሆናል፤ ወደ 40 ቶን ማለት ነው። በአንድ ጉዞ 250 ኪሎ በሚጭን የአህያ ጋሪ 160 ምልልስ ነው። የዚህ ሥራ ከባዱ ክፍል መለካቱም መቆፈሩም አይደለም፤ ማመላለሱ ነው። ድንጋይ ቅርብ በሆነበት መንደር ሥራው ፈጥኖ ይሄዳል። ከጥቂት ኪሎ ሜትር በላይ ሲርቅ ያለ ጭነት መኪና አይታሰብም። ያቴንጋ ውስጥም ብዙ ቦታ መኪናው የመጣው በፕሮጀክት ነው፤ መኪናው ሲቀር ሥራውም ቀዝቅዟል። ይህን ሳይናገሩ «ገበሬው በራሱ አቅም ሠራው» ማለት ትክክል አይሆንም። በጭንቅላታቸው ድንጋይ ሲሸከሙ የዋሉት ደግሞ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በምርቱ ክፍፍል ላይ ግን ድርሻቸው እንደ ድካማቸው አልነበረም።

ሥራው ከማሳው የላይኛው ጫፍ ነው የሚጀመረው። ቤቱ አጠገብ ስለሆነ ብቻ ከታች የጀመረ ሰው ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ ሁሉ በአንድ እርከን ላይ ይቀበላል። የእርከኑ ሁለት ጫፎች ወደ ሽቅብ ትንሽ መታጠፍ አለባቸው፤ ካልታጠፉ ውሃው ዳርዳሩን ዞሮ ይሄድና ጫፉ ላይ አዲስ ቦረቦር ይከፍታል። መስመሩ ቦረቦር ሲያቋርጥ ደግሞ ትልልቅ ድንጋይ፣ ወርደ ሰፊ አደራደር፣ ከታች በኩልም ውሃው የሚያርፍበት የድንጋይ ንጣፍ ይፈልጋል። ድንጋይ ያለቀበት ሰው በድንጋዩ ፈንታ ረጃጅም ሣር በመስመሩ ላይ ይተክላል። ያቴንጋ ውስጥ ለዚህ የሚመረጠው አንድሮፖጎን የተባለው ሣር ነው፤ ለጣሪያና ለምንጣፍም ይሆናል።

ዛይ፦ ከድንጋዩ ጋር የሚሄደው ጉድጓድ

እርከን ብቻውን ዚፔሌን አያድንም። ውሃው ቢዘገይም ቅርፊቱ እንዳለ ነው። ቅርፊቱን የሚሰብረው ዛይ ነው። ዛይ በያቴንጋ የቆየ ዘዴ ቢሆንም ትንንሽ ጉድጓድ በጥቂት ቦታ መቆፈር ብቻ ነበር። ጎርጋ በተባለች መንደር የሚኖሩት ገበሬ ያኩባ ሳዋዶጎ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጉድጓዱን አሰፉት፣ አጠለቁት፣ ፍግ ጨመሩበት። ቁፋሮውንም ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት፣ በበጋ ጀመሩ። ጎረቤቶቻቸው ያበዱ መስሏቸው ነበር።

ጉድጓዱ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አለው። አፈሩ በታችኛው ወገን እንደ ጨረቃ ግማሽ ይከመራል። ከአንዱ መሐል እስከ ሌላው መሐል 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በሄክታር 15,600 ገደማ ጉድጓድ ይሆናል። በእያንዳንዱ ሁለት እፍኝ፣ ማለትም 300 ግራም ያህል የበሰበሰ ፍግ ቢገባ ለሄክታር ከ4.5 ቶን በላይ ነው። ጉልበቱም ቀላል አይደለም፤ ለአንድ ሄክታር ለቁፋሮው 300 ሰዓት፣ ፍግ ለማዘጋጀትና ለማደል 150 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ይህ የአንድ በጋ ሥራ አይደለም፤ ገበሬው በየበጋው የቻለውን ያህል ይጨምራል።

ፍጉ ሲገባ ምስጥ ይመጣል። በብዙ አገር ምስጥ የገበሬ ጠላት ነው፤ እዚህ ሠራተኛ ነው። ፍጉንና ገለባውን ፍለጋ ቅርፊቱን እየበሳ ይገባል፣ ከሥሩ ቀጫጭን ዋሻዎችን ይሠራል። ዝናቡ ሲመጣ ውሃው በእነዚያ ዋሻዎች ወደ ጥልቁ ይገባል። ማሽላው የሚዘራው ጉድጓዱ ውስጥ ነው። በፍጉ ውስጥ የነበረው የዛፍ ዘርም አብሮ ይበቅላል። ያኩባ ይህን ቡቃያ አልነቀሉትም፤ ባዶ በነበረው መሬት ላይ 27 ሄክታር ያህል ደን አበቀሉ። ከ1984 ጀምሮም ገበሬዎች ዘርና ልምድ የሚለዋወጡበት የዛይ ገበያ በግቢያቸው ሲያዘጋጁ ኖሩ። በ2018 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተዋል፤ ያረፉት በታኅሣሥ 2023 ነው።

ፍግ ሳይገባ የተቆፈረ ዛይ የመጀመሪያውን ዓመት ትንሽ ያበቅልና ይደክማል። ዝናቡ ከ800 ሚሊ ሜትር በሚበልጥበት አገር ደግሞ ጉድጓዱ ውሃ ያቁርና ቡቃያው ይበሰብሳል። አሸዋማ አፈር ላይ ደግሞ ጉድጓዱ አይቆይም፤ ነፋስ ይሞላዋል።

የተገኘውና የቀረው

በ1989 መጨረሻ ከ400 በሚበልጡ መንደሮች 8,000 ሄክታር ያህል መሬት በድንጋይ እርከን ተሠርቶ ነበር። ባዶ ዚፔሌ ምርቱ ዜሮ ነው። ዛይና እርከን ሲጣመሩ ዝናብ ባነሰበት ዓመት በሄክታር ከ300 እስከ 400 ኪሎ፣ ጥሩ በሆነው ዓመት እስከ 1,500 ኪሎ ማሽላ ተገኝቷል። የመጀመሪያው ቁጥር ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ሌላው ማሳ ምንም ባልሰጠበት ዓመት ግን ቤተሰብን የሚያቆመው እሱ ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ በቡርኪና ፋሶ መካከለኛ አምባ ከ200,000 እስከ 300,000 ሄክታር የሚሆን የተጎዳ መሬት በዚህ ዓይነት ሥራ አገግሟል ተብሎ ይገመታል። ራናዋን በመሰሉ መንደሮች የደረቁ የውሃ ጉድጓዶች መልሰው ውሃ ይዘዋል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የሳህል ዝናብ በመጠኑ እንደተሻሻለ ግን መዘንጋት የለበትም፤ የጉድጓዱ ውሃ ሁሉ የእርከኑ ነው ማለት አይቻልም።

በ1989 ከኒጀር፣ ከኢሌላ አካባቢ የመጡ ገበሬዎች ያቴንጋን ጎብኝተው ተመለሱ። አገራቸው «ታሳ» የሚሉት ተመሳሳይ ጉድጓድ ነበራቸው፤ ትተውት ነበር። በ1990 ድርቅ ሲሆን ታሳ የተቆፈረበት ማሳ ብቻ ደህና እህል ሰጠ። ከዚያ በኋላ ቀስቃሽ አላስፈለገም፤ ሰው የተጣለ መሬት ገዝቶ ታሳ ማስቆፈር ጀመረ።

ይህ የመጨረሻው ነገር ሌላ ችግር ይዞ መጣ። ዋጋ ያልነበረው መሬት ሲያገግም ባለቤት ይበዛበታል። ያኩባ ሳዋዶጎ ራሳቸው ካለሙት መሬት ከፊሉን በከተማው መስፋፋት ሳቢያ አጥተዋል። መሬት በውሰት የሚያርስ ሰው 40 ቶን ድንጋይ ከማመላለሱ በፊት የማሳውን ዕጣ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ሥራውን የሚያስተባብርም ይህን አስቀድሞ ሊያስጨርስለት ይገባል።

በእኛ አገር ሲሠራ

የኢትዮጵያ ገበሬ ለድንጋይ እርከን እንግዳ አይደለም፤ ኮንሶ ለዘመናት ኖሮበታል፣ የትግራይና የወሎ ተራሮችም በእርከን የተሸፈኑ ናቸው። የያቴንጋው ማሽን ታሪክም በሌላ መልክ አለን። በደርግ ዘመን በምግብ ለሥራ ብዙ እርከን ተሠርቶ ነበር፤ ከ1991 የመንግሥት ለውጥ በኋላ በየቦታው ገበሬው ያፈረሰው ብዙ ነው። ያፈረሰበትም ምክንያት ነበረው። እርከኑ ጠባቡን ማሳ ይቀንሳል፣ አይጥ ያስጠልላል፣ በሬ ለማዞር አያመችም።

ልኬቱ በአብዛኛው የሚወጣው በአሥር ሜትር ሲባጎ መሐል በምትንጠለጠል ትንሽ ውሃ ልክ ነው። ቀላልና ፈጣን ነው፤ ለተራራማ ቦታ ይበቃል። ነፋስ ሲኖር ግን ሲባጎው ይወዛወዛል፣ ውሃ ልኳ ከመሐል ትንሽ ከሸሸች የሲባጎው መርገብ ልኩን ያዛባዋል። በገደላገደሉ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስህተት ብዙ አይጎዳም። በስምጥ ሸለቆ ወለልና በቆላው ሜዳ፣ ተዳፋቱ በመቶ 1 ወይም 2 በሆነበት፣ የጎማው ውሃ ልክ ይመረጣል፤ የላስቲኩ ውሃ ነፋስ አያውቅም። ጥቁር ዋልካ አፈር ላይ ግን እኩል ከፍታ ላይ የተሠራ እርከን ውሃ አቁሮ ሰብሉን ያቢጫል። እዚያ መስመሩ በመቶ ከ0.5 እስከ 1 ወደ ማፋሰሻው እንዲያዘነብል ይደረጋል። ለመቶ 0.5፣ በየአሥር ሜትሩ አዲሱ ነጥብ በ5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ በላስቲኩ ላይ ሲነበብ በተራማጁ እንጨት ውሃው ከምልክቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ፣ በቆመው ላይ 2.5 በታች ነው። ይህችን ሁለተኛ ምልክት አስቀድሞ እንጨቱ ላይ በሌላ ቀለም ማድረግ ሜዳ ላይ ከመደናገር ያድናል።

የዕለቱ ልኬት ሲያበቃ ላስቲኩ ውሃው ተደፍቶ፣ ሳይታጠፍ በሰፊው ተጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። ፀሐይ ላይ የከረመ ላስቲክ ይደነድናል፣ ይነጣል፣ ውሃውም አይታይበትም። በማግስቱ ከመጀመሪያው ነጥብ በፊት እንጨቶቹ እንደገና ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ አረፋው ይታያል፣ ምልክቱም ይመሳከራል።